ሃያ ስምንት ያልሽው ቀን

ውድ ድንቢጤ፣

ሰላምታውን ቆየት አድርጊልኝና መጀመሪያ ስለ መሰላሌ እንነጋገር። እሑድ ጠዋት በዘበኛው በኩል የመለስሽው መሰላል ደርሶኛል። ወደ ቤትሽ ሲገባ አራቱም እግሮቹ ጎማ ተጫምተው ነበር፤ ሲመለስ አንዱ ባዶ እግሩን ነው። መሰላል እንደ ሰው አይደለም፤ አንድ እግሩ ቢያጥር አነክሳለሁ ብሎ መንገዱን አይቀጥልም፣ ላዩ ላይ ያለውን ሰው ጥሎ ነው የሚያርፈው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ስቀባ አንድም ቀን ያልወደቅሁ ሰውዬ፣ በእህቴ ልጅ ኩርፊያ ወገቤ ቢሰበር ለጓደኞቼ ምን ብዬ ነው የማወራው? ጎማዋን ከምድጃሽ ሥር ጎንበስ ብለሽ ፈልጊያት። እዚያ ከሌለች ሆን ብለሽ ነው ያስቀረሻት ብዬ እጠረጥራለሁ።

እሺ። ስለ መሰላል ልጽፍልሽ ወረቀት እንዳላወጣሁ ታውቂያለሽ። ስልኬን አታነሺም። ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ዘጠኝ ጊዜም ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እናትሽ “ተዋት፣ ትብረድ” ትለኛለች፣ ሻይ ይመስል። እኔ ግን እስክትበርጂ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። የፊታችን አርብ ኪኒንሽን እንደገና ልትጀምሪ ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ማንበብ አለብሽ። ቀኑን ከየት አወቅህ ትያለሽ። ከብዙ ነውሬ አንዱ እሱ ነው፤ ሁሉንም በተራ እናዘዝልሻለሁ።

ከሐሙሱ እራት ልጀምር። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ያየሁበትን ዓይን ግን አታውቂውም። ቀኑን ሙሉ ኩሽናሽን ስቀባ ውዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከአንቺና ከባልሽ ጋር ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ሦስተኛውን ሳልጎርስ አፌ ቀደመኝ።

“ስማ እንጂ፣ የእህቴን ልጅ ኪኒን ወዴት ነው የምታደርሰው?” አልኩት።

ባልሽ ማንኪያውን አስቀመጠ። አንቺ “የምን ኪኒን?” አልሽ።

“ማክሰኞ ዕለት ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ኪሱ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒት ቤት ገብቶ ለሻጯ ሲያሳያትም አይቻለሁ።”

“ተከታትለኸዋል?”

“እኔም በዚያው በኩል ጉዳይ ነበረኝና…”

“ጋሼ! ተከታትለኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።”

“እሱ ፊት ፊት ሄደ፣ እኔ ኋላ ኋላ ሄድኩ። ይህን ምን እንደሚሉት አንቺ ታውቂያለሽ።”

እንደ ልጅነትሽ ትስቂያለሽ ብዬ ነበር። አልሳቅሽም። ባልሽ ደግሞ፣ ያ ስድስት ቃል ከተናገረ ሰባተኛው የሚያልቅበት የሚመስለው ሰው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “ጋሼ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘብዎት ነው” አለ። አልካደም፣ አልተቆጣም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም ይላል ወይ? አልኩ በልቤ። አንቺ ተነሳሽና በሩን ከፈትሽው። “ነገ እንዳትመጣ። የቀረውን ግድግዳ እኔው እቀባዋለሁ።” ጫማዬን ሳላስር ነው የወጣሁት።

ለምን እንዲህ ሆንኩ? ጥርጣሬ ሙያዬ ነው፣ ድንቢጤ። ግድግዳ ውሸታም ነው። ላዩን ስታይው እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል፤ በጣትሽ አንጓ ስታንኳኪው ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይ ርሶ በስብሷል። ስለዚህ የማንንም ግድግዳ በዓይኔ አምኜ አላውቅም፤ አንኳኳለሁ። ችግሩ ሰውንም እንዲሁ ማንኳኳት መልመዴ ነው።

ያንቺን ነገር ማንኳኳት የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠዋት እየሮጥሽ መጥተሽ በዚያች ትንሽ መመርመሪያ ላይ የወጡትን ሁለት መስመሮች አሳየሽኝ። ከባልሽ ቀጥሎ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ እናትሽን እንኳ ቀድሜያት ነበር። “አጎት ብቻ መሆን ቀረ፣ ጋሼ፤ አያት ልትሆን ነው” አልሽኝ። በስምንተኛው ቀን ደም መጣ። እኔ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር፤ እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። ቀለሙን በእንጨት ሳማስል ሳማስል ደረቀብኝ። ለአንቺ ግን ስንገናኝ ቀልድ ነገርኩሽ። ምን ልበል? የማውቀው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዘንድሮ ክሊኒክ ሄደሽ ካርድ አወጣሽ፤ በሃያ አንደኛው ቀንሽ ደም ወሰዱ፣ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። ሐኪሟ “እንቁላል ከወጣች በኋላ ያለው ጊዜሽ ደካማ ነው፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ብሎብሻል” አለችሽና ከአሥራ አምስተኛው ቀን ጀምሮ የምትውጪውን ኪኒን ሰጠችሽ። ሦስት ዙር ወሰድሽ፤ ሦስቱም ባዶ። ይህን ሁሉ አንቺ ቁርጥራጩን እየነገርሽኝ፣ እናትሽ የቀረውን እየሞላችልኝ ነው ያወቅሁት።

ኩሽናሽን ልቀባ በመጣሁበት ቅዳሜ ደግሞ ያልነገርሽኝን ሰማሁ። ዓይኖችሽ ቀልተው ነበር። የስቱኮው፣ ከቀለም በፊት የምለቀልቀው፣ አቧራ ነው አልሽኝ፤ እኔ ገና ስቱኮውን አልከፈትኩም ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሆነሽ ለእናትሽ ስትደውዪ መስኮቱን በሸራ እየሸፈንኩ ነበር። “ይኼኛው የመጨረሻዬ ነው፣ እማዬ። አራተኛውም ባዶ ከሆነ እሱን ነፃ አወጣዋለሁ። ሌላ አግብቶ ይውለድ። ደግ ሰው ነው፣ በእኔ ምክንያት ለምን ደጁ ይዘጋል?” አልሽ።

እጄ ሸራው ላይ ቀረ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ሆነብኝ። በሁለት ቀን የሚያልቀውን ኩሽና ስድስት ቀን ያቆየሁት ለዚህ ነው። “የዚህ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይዟል፣ ቶሎ አይደርቅም” ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ግድግዳሽ እንደ ብስኩት የደረቀ ነው። እዚያው ሆኜ ማየት ፈልጌ ነው። ሐኪሟን ጠረጠርኩ፤ ደም የሚቀዱትን ጠረጠርኩ፤ የባልሽን እናት፣ “ገና ናችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ” እያለች ፈገግ የምትለውን፣ ይህ ፈገግታ ከምን የመጣ ነው ብዬ አብዝቼ ጠረጠርኩ። ማክሰኞ ባልሽ ከሥራ ቀደም ብሎ ሲመጣ፣ እኔ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኜ እንዳላየሁት ስሆን፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ኪሱ ከተተው። ሲወጣ እኔም ብሩሼን ውኃ ውስጥ ነክሬ ወጣሁ።

መሬት የሚቀይስ ሰው መከተል እንዴት ያለ ሥቃይ እንደሆነ አትጠይቂኝ። እያንዳንዱ እርምጃው እኩል ነው፣ የትም ቆም አይልም። ከአውቶቡስ ፌርማታው ቀጥሎ ያለው መድኃኒት ቤት ገባ። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ኪኒኑን አወጣ፤ መነጽራሟ ሻጭ አገላብጣ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላ ማሸጊያ ተቀበለ፤ ሁለቱንም ኪሱ ከተተ። ቤት ደርሶ አንዱን ካርቶኑ ውስጥ መለሰ። የትኛውን? ይኸው ሰውየው ኪኒን ይቀይራል አልኩ። የሚያስረግዘውን አውጥቶ የማይሠራውን ያስገባል። ለምን ቢሉ፣ መልሱን እኔው ፈጠርኩለት፦ ሌላ ቤት አለው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ነገር እንደ ማስቲካ ሳላምጥ ቆይቼ ነው ሐሙስ እራትሽ ላይ የተፋሁት።

መሰላሉ እሑድ ሲመጣ ማስረጃ ይዤ ካልቀረብኩ እንደማትሰሚኝ ገባኝ። ሰኞ፣ ማለት ትናንት፣ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። የኪኒኑን ስም መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ።

“ለማን ነው?” አለችኝ መነጽራሟ።

“ለእኔ።”

በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። “ማህፀን አለዎት?”

“ገና ምርመራ ላይ ነኝ።”

ከኋላዬ የቆመች ሴት ሳቋ አመለጣት። መነጽራሟ ግን አልሳቀችም። “አባቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ካልሆነ ቦታ ይልቀቁ።”

እውነቱን ነገርኳት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰው ማክሰኞ መጥቶ በማይሠራ የለወጠው ኪኒን የእህቴ ልጅ ንብረት ነው አልኳት።

“በማይሠራ?” አለች። መነጽሯን አወለቀችው። “የሰው ጉዳይ ለሰው አልናገርም። ግን ሰውየውን ሌባ ሲያደርጉት ቆሜ አልሰማም። አዲሱን እኔ ነኝ የሸጥኩለት። ኪኒኑን ለሚስቱ ከወሰደ በኋላ የመስክ መኪና ውስጥ ረስቶት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንደመታው ነገረኝ። ሙቀት ያበላሸዋል ወይ አለኝ፤ ላያበላሸው ይችላል፣ እኔ ግን ዋስ አልሆንም አልኩት። አዲስ ገዛ። ‘እንዳታውቅ በካርቶኑ ልመልሰው ነው፤ ባለፈውም ጊዜ እንዲሁ ረስቼው ከሆነስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም’ አለኝ።”

ኪኒኑን ቀይሮታል፣ ድንቢጤ። በዚህ አልተሳሳትኩም። በደህናው ነው የቀየረው። እራት ላይ አፉን የዘጋው ደግሞ “እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ ይሆናል” ብሎ በእኔ ፊት ሊነግርሽ ስላልቻለ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ የነከስኩት የባልሽን ልብ ነው። ይህን ምሥጢሩን ማውጣቴም ሌላ ጥፋት ነው፤ ግን የከሰስኩት እኔ ስለሆንኩ ነፃ የማወጣውም እኔ መሆን አለብኝ። አንቺ እሱ እስኪነግርሽ እንዳልሰማ ሁኚ።

ጥርጣሬ ግን አንዱን ቤት ሲለቅ ሜዳ ላይ አያድርም፣ ሌላ ቤት ይገባል። “ታዲያ ኪኒኑ ያልሠራው በሙቀቱ ነው?” ብዬ ጠየቅኋት።

“ኪኒኑ ደህና ሆኖም ላይሠራ ይችላል” አለች። ሰልፉ ሳስቶ ስለነበር ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ አስረዳችኝ። “ሆርሞን ማለት መልእክት ነው። መልእክት ተቀባይ ካላገኘ ምን ያደርጋል? የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ተቀባዮች አሉ። በወሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሽፋኑን ያሳድገዋል፤ ፕሮጄስትሮንን የሚይዙትን ተቀባዮችም የሚያበጀው እሱ ነው። እንቁላል ስትወጣ ነው ፕሮጄስትሮን የሚመጣው።”

“ስቱኮ!” አልኳት።

“ምን አሉኝ?”

“ኤስትሮጅን ስቱኮ ነው፣ ፕሮጄስትሮን ቀለም። ግድግዳው ስቱኮውን በደንብ ካልጠጣ ቀለሙ የሚይዝበት የለውም፤ አንድ ጣሳ ብትደፊበት ይረግፋል።”

“እንዳሉት ይሁን” አለች፤ አሁን ትንሽ ፈገግ አለች። “ፕሮጄስትሮኑ ሲደርስ ሽፋኑ ማደጉን ያቆምና እንግዳ ለመቀበል ይሰናዳል፤ ተቀባዮቹም ሥራቸውን ጨርሰው ይቀንሳሉ። በሩ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።”

“ፕሮጄስትሮኑ ከጊዜው ቀድሞ ቢገባስ?”

“በሩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል። እንግዳው ሲመጣ ቤቱን ተዘግቶ ያገኘዋል። አንዳንዴም እንግዳው ከነጭራሹ ከቤቱ ሳይነሳ ይቀራል፤ እንቁላሏ ሳትወጣ ማለቴ ነው። ለመሆኑ በስንተኛው ቀን ነው የምትጀምረው?”

“በአሥራ አምስተኛው።”

“ዑደቷስ ስንት ቀን ነው?”

“ካርዷ ላይ ሃያ ስምንት ተብሎ ተጽፏል።”

“እንግዲያው ልክ ነው።” መነጽሯን አደረገች። “ሃያ ስምንት ከሆነ።”

“ከሆነ ስትዪ?”

“ሰው ነው የጻፈው፣ ሰው ይሳሳታል። ቀጣይ!”

ድንቢጤ፣ “ከሆነ” የምትል ቃል ለእኔ ዓይነት ሰው አይሰጧትም። እግሬ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሳንኳኳት ሄድኩ።

አሁን ወደ ሌላው ነውሬ መጣሁ። ግድግዳ ከመቀባቴ በፊት ሁልጊዜ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ምስማሩም፣ ሥዕሉም፣ ሰዓቱም ሲመለሱ ልክ የነበሩበት እንዲሆኑ። ይህ የሥራዬ ወግ ነው፣ ክፋት የለውም። ቅዳሜ የኩሽናሽን ግድግዳ ሳነሳ ከበሩ ኋላ የሰቀልሽው፣ የምትሠሪበት የአውቶቡስ ድርጅት የዓመት መቁጠሪያም አብሮ ተነስቷል፤ አሥራ ሦስቱም ወር በአንድ ሉክ፣ ደም ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ ያከበብሻቸው ቀናት ሁሉ እየታዩ። ያኔ አላየኋቸውም። ትናንት ግን ፎቶውን አሳድጌ፣ መነጽሬን ደርቤ፣ ከአንዱ ክብ እስከ ቀጣዩ ያሉትን ቀናት አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ይህን ማድረግ የአጎት ሥራ አይደለም። አውቃለሁ። አፍሬ ነው የቆጠርኩት፤ ግን ቆጠርኩት።

ኪኒኑን ከመጀመርሽ በፊት፦ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት።

ኪኒኑን ከጀመርሽ በኋላ፦ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ።

አንድም ሃያ ስምንት ከኪኒኑ በፊት የለም። አንድም! ሐኪሟ ከዚያ ወዲህ “ዑደትሽ ልክ ነው” ያለችሽ ለዚህ ይሆናል፤ ኪኒኑ ሲቆም ደሙ በሁለት ሦስት ቀን ስለሚመጣ ነው። ላዩን ሲያዩት የሚያምር ግድግዳ ማለት ይኼ ነው።

ታውቂኛለሽ፣ ትምህርቴ የወለል ጋዜጣ ነው። ቀለም እንዳይንጠባጠብ የማነጥፈውን ጋዜጣ ተንበርክኬ ሳነብ ነው የፊደል ሰው የሆንኩት፤ የብዙ ታሪክ መጨረሻ ቀለም ስለፈሰሰበት እስከ ዛሬ አላውቀውም። ለዚህ ነገር ግን ጋዜጣ አይበቃም ብዬ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ዘንድ የአዋላጆች መማሪያ ገዛሁ። እንደገባኝ ከሆነ፣ ከእንቁላሏ መውጣት እስከሚቀጥለው ደም ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከሴት ሴት የሚለያየው በአብዛኛው የፊተኛው ክፍል ነው። ሠላሳ አምስት ከሆንሽ፣ አሥራ አራቱን ቀንሺ፤ እንቁላልሽ የምትወጣው በሃያ አንደኛው ቀን አካባቢ ነው። ደም የወሰዱብሽ በዚያው ቀን ነው! ፕሮጄስትሮን የሚለካው እንቁላሏ ከወጣች ከሳምንት በኋላ ነው ይላል መጽሐፉ። እንግዲህ ገና ብሩሹን ያልነከረ ቀቢ ቤት ገብተው “ግድግዳው ቀለም የለውም፣ ቀቢው ሰነፍ ነው” ብለዋል። ኪኒኑ ደግሞ እንቁላሏ ከመድረሷ ስድስት ቀን ቀድሞ ነው የሚገባው። ስቱኮው ሳይደርቅ ቀለም!

ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ማነው ይህን ሃያ ስምንት ካርዷ ላይ የጻፈው? ነገ ክሊኒኩ ሄጄ ያቺን ነርስ አንገቷን ነው የምይዛት አልኩ። ነርሷን በዓይነ ልቦናዬ ሳያት ነው ሌላውም ሁሉ የመጣልኝ፤ ኮሪደሩ፣ ወንበሮቹ፣ አንቺ፣ ከጎንሽ ደግሞ…

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ባልሽ መስክ ላይ ነበር፤ እናትሽ ጉልበቷን አሟት ነበር። “እኔ እሸኛታለሁ” ያልኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ እየጠየቀች ትጽፋለች። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ፣ ጆሮዬን አሹዬ። “የወር አበባሽ በየስንት ቀኑ ነው?” አለችሽ። ጆሮሽ ድረስ ቀላሽ። ወደ እኔ በሰያፍ አየሽ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ፤ ውኃ ልጠጣ ብሎ ዘወር ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን ምን አደረግሁ? “ኧረ እሷ እንደምትቆጣጠራቸው አውቶቡሶች ናት፣ አንድ ደቂቃ አታሳልፍም!” አልኩ። ኮሪደሩ በሳቅ አውካካ። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ፤ ከነርሷ ራስ በላይ የተለጠፈውን የሃያ ስምንት ቀን ክብ ሥዕል አየሽ፤ “ሃያ ስምንት” ብለሽ ጨረስሽው። ነርሷም ጻፈች።

የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት መዝጋቢ የሆንሽ፣ የግማሽ ደቂቃ ስሕተት የማታልፊ ልጅ፣ ያን ቁጥር የሰጠሽው ከእኔ ለማምለጥ ነው። ከዚያ ወዲያ “ያኔ ዋሽቼ ነበር” ብሎ መመለስ አሳፈረሽ፤ ሐኪሟም ሃያ አንድና አሥራ አምስት የምትለውን ከዚያች ቁጥር ተነስታ እንደምትቆጥር አልነገረችሽም። ማን ያስታውሰዋል ብለሽ ተውሽው። ሐኪሟን፣ ነርሷን፣ አማትሽን፣ ባልሽን ሳንኳኳ ከረምኩ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው የራሴ ደረት ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ድንቢጤ። ይህን ቃል ሳልቀልድ የጻፍኩት በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥሬ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።

አሁን ስሚኝ። የመጨረሻው ክብሽ ኩሽናሽን ልቀባ ከመጣሁበት ቅዳሜ በፊት ያለው አርብ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማክሰኞ አሥራ ሁለተኛ ቀንሽ ነው። አርብ ከመድረሱ በፊት ለሐኪሟ ደውዪ ወይም ሂጂ። “ሃያ ስምንት ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ሠላሳ አምስት ነው፤ መቁጠሪያዬን ይዤልሽ መጥቻለሁ” በያት። እሷ ትቁጠር፣ እሷ ትወስን። እኔን ሰምተሽ ኪኒኑን አንዲት ቀን እንኳ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ እንዳታዘገዪም። እኔ ግድግዳ ነው የማውቀው። ምናልባት ተሳስቻለሁ። ምናልባት ሐኪሟ ሰምታኝ ትስቃለች፤ ምናልባትም ምክንያቱ ሌላ፣ እኔም መጽሐፌም የማናውቀው ነው። ደስ የሚል መልስ ሲገኝልኝ ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው እሱን ነው፤ ይህንንም ደግሜ ደጋግሜ አንኳኩቼዋለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ልክ ባልሆነ ቁጥር ላይ ቆመሽ ትዳርሽን እንዳታፈርሺ። “ነፃ አወጣዋለሁ” ያልሽው ሰው እስረኛ መሆኑን ማን ነገረሽ? ጠይቀሽዋል? እሱ ዝም ይላል፣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ በመካከላችሁ ደግሞ እኔ እለፈልፋለሁ፤ ሦስታችንም እንደ ልማዳችን ነው ይህን ያመጣነው።

ክሊኒክ ስትሄጂ ደግሞ ከእሱ ጋር ሂጂ። እኔን እንዳትወስጂኝ። ብለምንሽም እንኳ…

በሩ ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማንንም አልጠብቅም። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ።

ባልሽ ነው።

አስገብቼዋለሁ። ያለችኝ አንዲት ወንበር እኔ የምጽፍባት ስለሆነች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው አቧራ ነው። “እሷ አልላከችኝም ጋሼ፣ እኔው ነኝ የመጣሁት” አለኝ። ቀጥሎም “አርብ ልትጀምር ነው። ፊቷን ማየት አቃተኝ። የምጠይቀው ሰው አጣሁ፤ እርስዎ ደግሞ ዝም አይሉም” አለ። ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ ለእኔ ከተናገረው ሁሉ ይኼ ይረዝማል። እየመጣሁ ነው፣ አንዲት መስመር ልጨርስ አልኩት።

ለእሱ ምንም አልነግረውም፤ የአንቺን የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ደብዳቤውን ግን በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። ፖስታውን አላሸግኩትም። አያነበውም።

የእናትሽ ወንድም፣
አጎትሽ